ከድልድዩ ማዶ የቀሩ ካዝናዎች

ቨርን ሃልቮርሰን አዋጁን ሊያነቡ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን የመጡት ስንዴው ገና ጉልበት ሳይደርስ ነበር። ስልካቸው የሚታጠፍ ዓይነት ስለሆነ አሥራ አራቱንም ገጽ በወረቀት አተምኩላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አስቀመጡና መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ በአጭር እርሳስ እያሰመሩ ከሰዓቱን ሙሉ አነበቡ። አንድ ገጽ በጨረሱ ቁጥር ጫፉን አስተካክለው ከቀደመው ላይ ይደርቡታል።

ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በከተማችን በሃርሎው የእህል ጎተራ የመኪና ሚዛን ላይ ሠርተዋል፤ እሳቸው በመዘኑት እህል የተከራከረ ገበሬ የለም ይባላል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቀራቸው የተኩስ ክለቡ ነው። በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ ውድድር አለ፤ የደህንነት ኃላፊው ደግሞ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ጥይት ከመተኮሱ በፊት፣ ሠላሳ ሰው ቢመጣም ሦስት ሰው ቢመጣም፣ ዘጠኙን ደንብ ከካርድ ላይ ጮክ ብለው ያነባሉ። ደንቡን በቃላቸው ይወጡታል፤ ሆኖም ያነባሉ። ለዚህም ነው በክለቡ ውስጥ "ፓስተር" የሚባሉት።

አዋጁ የወጣው ከተራሮቹ ወዲያ፣ በትልቁ ከተማ የገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ ባለፈው ክረምት ከደረሰው ግድያ በኋላ ነው። በዚያ ነገር በእኛ ወረዳ የቀለደ ሰው አልሰማሁም። ቨርንም ባለቀሱት ሰዎች ላይ አንድም ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። አዋጁ ግን ከጁላይ አንድ ጀምሮ ከአሥር ጥይት በላይ የሚይዝ የጠመንጃም ሆነ የሽጉጥ ካዝና መሸጥም፣ መግዛትም፣ መስጠትም ከለከለ። ከዚያ ቀን በፊት ካዝናው የነበረው ሰው በቤቱና በተኩስ ሜዳ ሊይዘው ይችላል። ማውረስ ግን አይችልም። ከግዛቱ ወሰን አንዴ ያወጣውንም፣ ከአሥር በላይ እንዳይዝ ለዘለቄታው ካልተደፈነ በቀር፣ መልሶ ማስገባት አይችልም። ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር ቨርን በእርሳስ ሁለት ጊዜ አሰመሩባት።

እሳቸውን ያስጨነቃቸው ስድስት ካዝና ነው፤ እያንዳንዱ አሥራ አምስት ጥይት ይይዛል። የባለቤታቸው የአርሊን ነበሩ። በውድድር ላይ ተኳሹ ሲጨርስ ባዶውን ካዝና ጠጠሩ ላይ ጥሎ ሌላ ይሰካል። ሲለቀም የማን የማን እንደሆነ ስለማይለይ ሁሉም በየካዝናው የታች ክዳን ላይ ምልክት ያደርጋል። ወንዶቹ በነጭ ቀለም የስማቸውን ፊደል ይጽፋሉ። አርሊን የኮክ መልክ ባለው የጥፍር ቀለማቸው ነጠብጣብ ያደርጉ ነበር፤ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እስከ ስድስት። ቀለሙ በተላጠ ቁጥር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ያድሱታል። ለመጨረሻ ጊዜ ያደሱት በታመሙበት ክረምት ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር የስድስተኛው ነጠብጣቦች ተያይዘው አንድ ትንሽ ኩሬ መሰሉ። ከዚያ በኋላ አልታደሱም። አራት ዓመት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቨርን የሚተኩሱት በአርሊን ሽጉጥ ነው። የጠየቃቸውን ሁሉ የእጅ አንጓዬ ስለሚያመኝ ነው፣ የእሷ ይቀላል ይላሉ።

ያን ቀን ወረቀታቸውን ሰብስበው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ።

"አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አሉኝ። "እኔ ስሞት እነዚህ የማን ይሆናሉ? ምናልባት ሳላየው ያለፍኩት መስመር ይኖራል።"

ልጅ አልወለዱም። ገጽ ዘጠኝን አብረን አየነው። የሚለው ለፖሊስ ይሰጣሉ ወይም ይወድማሉ ነው። አመስግነውኝ የወረቀቱን ዋጋ ሳንቲም ሳይቀር ሳጥኑ ውስጥ ጨምረው ሄዱ።

በጁን ክለቡ ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር ብለው ነገሩኝ። አንዷ ካዝናውን ከቤት ወደ ሜዳ በመኪና መውሰድ ራሱ ወንጀል ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አንድ ገበሬ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የገዛሁትን በምን ደረሰኝ ላስረዳ ነው አለ። ሌላው፣ እኔ ማንንም ሳልበድል ለምን እንደ ወንጀለኛ እቆጠራለሁ ብሎ ተቀመጠ፤ ድምፁ ውስጥ ከቁጣ ይልቅ ኀፍረት ነበር አሉ። ቤት ለቤት ጋዝ የሚያከፋፍለው ክላይድ በርጌስ ግን፣ እኔ የራሴን ካዝናዎች የድንች ማሳ ውስጥ ቀብሬ በየዓመቱ አብሬ እኮተኩታለሁ ብሎ ሰዉን አሳቀ። ቨርን ተነሥተው ሕጉን ባልወደውም በዚህ ሜዳ ላይ ሕግ ሲጣስ አላሳልፍም አሉ።

"ስብከቱ ተጀመረ" አለ ክላይድ። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

ከወንዙ ማዶ ሌላ ግዛት ነው፤ እንዲህ ያለ አዋጅ የለም። ድልድዩ ከሃርሎው አሥር ማይል ይርቃል። ጁላይ ሲገባ ሰዉ አንድ በአንድ እዚያ ማዶ ወዳለው ክለብ መሄድ ጀመረ። ክላይድማ ካዝናዎቹን ሁሉ ከቀኑ በፊት ማዶ ወንድሙ ቤት ወስዶ አስቀመጠ። በጁላይ ውድድር ላይ የተገኙት አራት ሰዎች ናቸው። ቨርን ዘጠኙን ደንብ ለአራቱ አነበቡ። በኦገስት የሚመጣ ስለጠፋ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድሩ ተሰረዘ። በሩ ላይ ማስታወቂያ የለጠፉት ራሳቸው ናቸው፤ በእርሳስ መጀመሪያ መስመር አስምረው፣ ከዚያ በእስክሪብቶ ጽፈው።

ማዶ የምትኖረው ዶቲ ማርሽ ይህን ሰምታ ደወለችላቸው። ዶቲና አርሊን ሃያ ዓመት ሙሉ በአንደኝነት ሲፎካከሩ የኖሩ ናቸው። ብቻህን ተቀምጠህ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችህን ከምታኝክ እኛ ጋ ና አለቻቸው።

ቨርን በደንቡ ተዘጋጁ። አሥር ጥይት ብቻ የሚይዝ ሁለት አዲስ ካዝና ገዙ። ጠዋት እንዳይረሱ ብለው ማታውኑ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከቡና ቴርሞሳቸው አጠገብ አስቀመጧቸው። የአርሊንን ስድስቱን ደግሞ ከተኩስ ቦርሳው አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ሊከቱ አሰቡ፤ ይህንንም ለጠዋት አቆዩት። ቦርሳው ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ቦታው ከፒካፑ ወንበር ኋላ ነው። አርሊን ናቸው እዚያ ያስለመዱት።

ጠዋት ቴርሞሱን ብቻ አነሡ፤ በሩን ቆለፉና ነዱ።

ማዶ ሲደርሱ ከሃርሎው የጠፋውን ሰው ሁሉ አገኙት። ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው፤ ዶቲ አቀፈቻቸው። ደንብ ያነበበው ሌላ ሰው ነበር፤ ሰባት ብቻ አነበበ፣ ከቃሉም ተሳሳተ። ተራቸው ሲደርስ እጃቸው ቦርሳው ውስጥ ገብቶ እንደ ዘወትሩ ካዝናዎቹን አወጣ፣ አጎረሰ፣ ቀበቶ ላይ ሰካ። እንደዚያ ቀን ተኩሰው አያውቁም፤ በእሳቸው ዕድሜ ካሉት ሁሉ በለጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ባዶዎቹን ከጠጠሩ ላይ ሲለቅሙ አንዱን ገልብጠው አዩት። የኮክ ቀለም ነው፤ ሦስት ነጠብጣብ። የአርሊን ካዝናዎች ወሰኑን ተሻግረዋል።

እዚያው እንዳጎነበሱ ቀሩ። ዶቲ ወገባቸውን የያዛቸው መስሏት ሮጣ መጣች።

ነገሩ ሲገባው ክላይድ ፊቱ በራ። "እንኳን ደስ ያለህ ፓስተር! ኮንትሮባንዲስት ሆነህ አረፍከው።"

ከዚያ ግን የቨርንን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማኝ፣ ድልድዩ ላይ ከወፍ በቀር ማንም የለም። ቦርሳህን ያዝና ወደ ቤትህ ሂድ። ማን ያይሃል?"

"ማንም ሳያየኝ የማልጠብቀውን ደንብ ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው አላነበብኩም፣ ክላይድ።"

ክላይድ አንገቱን አከከ። ደግ ሰው ነው፤ ከመኪናው መሰርሰሪያ አመጣ። ውስጡ ብረት ከትቼ በጎኑ በስቼ ልድፈነው፣ ከአሥር በላይ አይዝም፣ ያን ጊዜ ወሰን ብታሻግረው ሕጋዊ ነው አላቸው። አዋጁም እንደዚያ ይላል። ቨርን ባለሦስቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። አርሊን እያንዳንዱን ካዝና ከውድድር በኋላ በጥርስ ብሩሽ ያጸዱ ነበር።

"አይ" አሉ። "እሷ ያልበሳችውን እኔ አልበሳም።"

ተሰናብተው ወጡ፤ ቦርሳውም አብሯቸው። ምን እንደሚያደርጉ ገና አልወሰኑም ነበር። ድልድዩ ጥግ ያለው ጠጠራማ ቦታ ላይ መኪናቸውን አቆሙ። የወዲያኛው ዳር ይታያል፤ የታጨደው ስንዴ፣ ከርቀት የሃርሎው ጎተራ ጫፍ። ክላይድ እውነቱን ነው፤ ድልድዩ ላይ ማንም አልነበረም። ይህን ሲነግሩኝ፣ ያስቸገረኝ እሱ ነው አሉኝ፤ አንድ ሰው ቆሞ ቢያስቆመኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሳንድዊቻቸውን አወጡ፤ ሳይበሉት መልሰው ጠቀለሉት። አንድ የእህል መኪና ጥሩምባ ሲነፋባቸው ሞተራቸውን አስነሡና አዙረው ወደ ዶቲ ቤት ነዱ።

ቨርን የአርሊን ቀለም ያለባቸውን ክዳኖች ብቻ ይዘው ሊመለሱ ወስነዋል፤ ዶቲ ጠረጴዛዋን ጠረገችላቸው። የካዝና የታች ክዳን ይወልቃል፤ በስተታች ያለችውን ቁልፍ በምስማር ጫን አድርገው ክዳኑን ወደ ፊት መግፋት ነው። ውስጥ ያለው ሞላ እንዳይፈናጠር አውራ ጣት ያስፈልጋል። ቨርን አምስቱን አወጡ። የስድስተኛው ሞላ ግን አምልጦ ምድጃው ሥር ገባ። ሁለቱም በጉልበታቸው ተንበርክከው በመጥረጊያ እጀታ ፈለጉት።

"አርሊን ብታይህ" አለች ዶቲ ከምድጃው ሥር፣ "በፎቶ ታስቀርህ ነበር።"

"አንቺንም ጨምራ ነው።"

ሞላው ተገኘ። ዶቲ የካዝናዎቹን አካል በጫማ ሳጥን ውስጥ ደረደረች፤ ሥራቸው ተከፍቶ ባዶ ቱቦ መስለዋል።

"ስጦታ ነው?" አለች።

"አደራ ነው። ሌላ ክዳን ግዢላቸውና ተኩሺባቸው። ዝገት እንዳይበላቸው።"

"መጥተህ ራስህ ተኩስባቸዋ። በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ እዚሁ ናቸው።"

"ሁለተኛ ቅዳሜ" አሉ ቨርን፣ "የራሴ ክለብ አለ።"

ሰኞ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱን ስከፍት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሸሚዝ ኪሳቸው ሲራመዱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ስድስቱን ክዳኖች ጠረጴዛዬ ላይ በተርታ ደረደሯቸውና የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገሩኝ። ያስጨነቃቸው እነዚህ ራሳቸው ካዝና ይባሉ እንደሆነ ነው። ሁለት ሌሊት አልተኙም። ገጽ ሁለትን ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ካዝና ማለት ጥይት የሚይዝ ዕቃ ወይም ሲገጣጠሙ ያንን ዕቃ የሚሆኑ የተሟሉ ክፍሎች ናቸው ይላል። ክዳን ብቻውን ጥይት አይዝም አልኳቸው።

"ጠበቃ አይደለሽም።"

"አይደለሁም።"

"ማንበብ ግን ታውቂያለሽ" አሉና በስድስተኛው ላይ፣ በዚያች የተያያዘች ኩሬ ላይ፣ ጣታቸውን አሳረፉ። አላነሡትም። እኔም ወደ መጻሕፍቱ ጋሪ ዞር አልኩ።

በሴፕቴምበር ሁለተኛ ቅዳሜ ወደ ክለቡ ሄድኩ። ተኩስ አልወድም፤ ለምን እንደሄድኩም ለማንም አልተናገርኩም። በሩ ተከፍቷል። ተኩስ መኖሩን የምታሳውቀው ቀይ ባንዲራ ተሰቅላለች። ከሳቸው ፒካፕ በቀር መኪና አልነበረም። ቨርን ሰዓታቸውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስኪሞላ ጠበቁ። ከዚያ የጆሮ መከላከያ ሰጡኝ።

"ተመልካችም ብትሆኚ ይነበብልሻል" አሉኝ።

ካርዱን አወጡና ዘጠኙን ደንብ አነበቡ፤ ባዶዎቹ አግዳሚዎች ጫፍ ድረስ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሁለቱ አዲስ ካዝናዎች አሥር አሥር ጥይት ይዘዋል። ከሥራቸው የተገጠመውን ያየሁት ሲሰኩ ነው፤ የአርሊን ክዳኖች ልክ ሆነውላቸዋል። ተኮሱ። አንዱን ጠጠሩ ላይ ጣሉ፣ ሌላውን ሰኩ፣ ጨረሱ፣ እሱንም ጣሉ፤ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ደንቡ እንደሚለው ሁለት ጊዜ አዩ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ።

ጠጠሩ ላይ የሌላ ሰው ካዝና አልነበረም። ሆኖም እያንዳንዱን ካነሡ በኋላ ገልብጠው የማን እንደሆነ አዩ፤ ኪሳቸው የከተቱት ከዚያ በኋላ ነው።