ጋፋት ድረስ ይቅር ለማለት

በፍልሰታ ጾም ደብረ ታቦር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የማይገባ ሰው ብርቅ ነው። ሕፃኑም ሽማግሌውም ይቆርባል። እኔ ግን ከዓረብ አገር ከተመለስኩ ጀምሮ ቅዳሴውን የማስቀድሰው ከግቢው ቅጥር ውጭ ቆሜ ነበር። እንደኔ ያሉ ሌሎችም አሉ። አንዱ በሰው ሚስት ነው፣ አንዷ በሌላ። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ነጠላችንን አጣፍተን ዝም ብለን እንቆማለን።

የኔ ምክንያት እህቴ ነበረች። ዓረብ አገር ስሄድ ሽማግሌ ልኮ ያጨኝ ሰው ነበር፤ ይጠብቀኛል ብዬ ሄድኩ። እዚያ ሳለሁ ታናሽ እህቴ አገባችው። ተመልሼ ከተማው ውስጥ ፀጉር ቤት ከከፈትኩ በኋላም፣ እሷ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ጋፋት እያለች፣ አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኋትም። ገበያ ውስጥ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ። እውነቱን ለመናገር ጥላቻም አልነበረም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ነበርኩ፤ ብነክሰውም አይሰማኝም።

የንስሐ አባቴ ያረጁ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ ቅጥሩ ውጭ መጡና አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የእህቴን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ዛሬ ሳስበው የተናዘዝኩት የሷን ኃጢአት ነው። አልተቆጡኝም። አምላክ እንዴት እንደወደደኝ፣ ስለኔ ብሎ እስከ መስቀል እንደደረሰ ነገሩኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው፤ እንደ ወር ደመወዝ የሚገባኝ አድርጌ ስቀበለው ኖሬያለሁ። ምንም እንደማይሰማኝ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ እሱ ሲወድሽ መቼ አንቺን አስፈቀደ?» አሉኝ። «ይሰማሽ አላለም፤ ተመለሺ ነው ያለሽ። እንደ ደነዘዝሽ ተመለሺ።»

ከእህቴ ታርቄ፣ ጾሙ ሳይፈታ እንድቆርብ አዘዙኝ።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ጋፋት ወረድኩ። ዝናቡ ለጊዜው አባርቷል፤ መንገዱ ግን ጫማ ያወልቃል። ባሏ በሬ ሊሸጥ እብናት ሄዷል። እሷ ብቻዋን ድንች ትቆፍር ነበር። ስታየኝ ቀና አለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከማሳው ዳር ቆሜ መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁትን ተናገርኩ፤ ያለፈው አልፏል፣ ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት። ቸርነቴ ለራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እማ እስክትሞት በሩን ነበር የምታይ» አለችኝ።

እናታችን የሞተችው እኔ ዓረብ አገር ሳለሁ ነው። ሕመሙ ሲጠናባት ደውለው ነይ ብለውኝ ነበር፤ አሠሪዬ አልለቀቀችኝም አልኩ። አገሩ ሁሉ አምኖኝ፣ እናቷን ሳትቀብር ቀረች ምስኪን እያለ አለቀሰልኝ። ለንስሐ አባቴም ያንኑ ነግሬያቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ስለተናገርኩት ለራሴም እውነት ወደ መምሰሉ ተቃርቦ ነበር።

ከምን እንደምመለስ የገባኝ እዚያ ማሳ ዳር ነው።

«አሠሪዬ ትኬት ቆርጣልኝ ነበር» አልኳት። «የቀረሁ እኔ ነኝ። አንቺንና እሱን አንድ ቤት ላለማየት ብዬ።»

ድምፄ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። እህቴ ጎንበስ ብላ ድንች መልቀም ጀመረች። መሬት መሬቱን እያየች፣ እኔ የነበርኩበት ከተማ ትሠራ የነበረች አንዲት የይፋግ ልጅ ያኔውኑ ደውላ የትኬቱን ነገር እንደነገረቻቸው አወራችልኝ።

«እማም ታውቅ ነበር» አለች። «‹ስትመጣ እንዳትጠይቂያት፣ ታፍራለች› ብላኝ ነው የሞተች።»

ያን ጊዜ አመመኝ። እናቴ በሩን ታይ የነበረው እንደማልመጣ እያወቀች ነው። ይቅር በይኝ ሳልላት፣ እሷ የምትጨነቀው እንዳላፍር ነበር። እህቴም ያን አደራ ይዛ፣ ገበያ ውስጥ ፊቴን ሳዞርባት ዝም ብላ አልፋለች።

ማሳው ውስጥ ገብቼ ታናሽ እህቴ እግር ሥር ተንበረከክሁ። በእኛ አገር ታላቅ ለታናሽ እንዲህ አይሆንም። ይቅር በይኝ አልኳት።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «እታለም፣ ተነሽ፣ ጭቃ ነው።»

ትንሽ ልቆይ አልኳት።