ከሸማኔው እግር ሥር

ጀርመንኛ የተማርኩት እንጀራ ይሆነኛል ብዬ ነው። ሆነኝም፤ ግን የሚመጣልኝ ሁሉ የጋብቻ ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ ነው። ስለዚህ ጳውሎስ አካባቢ ያደገ፣ አሁን ጀርመን አገር የሚኖር አንድ ሰው ስለ ድንጋይ ከሰል ማውጫ የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ሲልክልኝ ደስ አለኝ። የጻፉት የሚስቱ አባት ናቸው። እናቱና እኚህ ሽማግሌ ሠርጉ ላይ በእጅ ምልክት ብቻ ሲጫወቱ ስለዋሉ፣ እናቱ የሰውየውን ሕይወት በአማርኛ እንዲያነቡለት ፈልጎ ነው።

መጽሐፉ እንደሚለው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብርዱና ችግሩ ሲጠና፣ ሥራ ያጡ ጥቂት ሰዎች ከአንድ ገበሬ ማሳ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ቆፍረው ገቡ። ከሰሉን የሚጎትትላቸው ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ሞተር ነበር። ኋላ ነዳጅ መጣና ከሰሉ ተናቀ፣ ማውጫው ተዘጋ። አፉ ላይ ግንድ አጋደሙበት፣ አፈር መለሱበት፣ ሣር በቀለበት። ዓመታት አልፈው እዚያው ላይ ቤት ተሠራ። አንድ ቀን ጠዋት የቤቱ ጓሮ ከነዶሮዎቹ ወደ ታች ወረደ። «ማንም አልደበቀውም፣ ሁላችንም ረሳነው እንጂ» ይላሉ ሽማግሌው። ይህን ስተረጉም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስለ ዶሮዎቹ ሳቅሁ።

የምሠራው ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለው በእናቴ ቤት፣ ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት ሥር ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት አባቴ የሠራት ሰርቪስ ቤት አለች። ከሦስት ወር በፊት ሽሮ ሜዳ የነበረበት ቤት የፈረሰበት አንድ ሸማኔ ተከራያት። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ሊገባ ሲል፣

«እህቴ፣ ወለሉን ትንሽ ብቆፍረው ትቀየሚያለሽ?» አለኝ።

ሸማኔ ሲሠራ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ይሰዳል፤ መርገጫዎቹ እዚያ ናቸው። ወለሉ አፈር ስለሆነ ምን ቸገረኝ? «የፈለግከውን ያህል ቆፍር፣ አፈሩን ብቻ በር ላይ እንዳትከምርብኝ» አልኩት። እስከ ጉልበቱ ቆፈረ።

የመጀመሪያው ሰሞን ድምፁ አናደደኝ። ረገጥ፣ ወርወር፣ ረገጥ፣ ወርወር። ከዚያ ለመድኩት። በቀደም ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ፣ «ይሄ ዕቃዬ ሰሞኑን ያለቅሳል። ሳሙና ቀባሁት፣ አልተወም» አለኝ።

«አርጅቷላ፣ ጡረታ አውጣው» ብዬ ቀለድኩበት።

በማግሥቱ ስለ እንጨት የተጻፈው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ሠራተኞቹ ጣሪያውን በጥድ ነበር የሚደግፉት። ጥድ ከመሰበሩ በፊት ድምፅ ያሰማል፤ እሱን የሰማ ሮጦ ይወጣል። ለድምፁ የሚሆን የአማርኛ ቃል ፈልጌ «ያለቅሳል» ብዬ ጻፍኩ። እጄ እዚያው ቆመ፤ ቃሉን ትናንት ሰምቼዋለሁ።

ማድ ቤት ሄድኩ። እናቴ ሽንኩርት ትልጣለች።

«እማዬ፣ የድሮው የውሃ ጉድጓድ የቱ ጋ ነበር?»

«ደግሞ ምን አስታወሰሽ? ቧንቧ ሲገባ አባትሽ ደፈነው እኮ።»

«የቱ ጋ?»

በያዘችው ቢላ ወደ ሰርቪሷ አመለከተች።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልደፈነውም። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የባሕር ዛፍ ግንድ ደረደረበት፣ ቆርቆሮ ጣለበት፣ አፈር አለበሰው። የእኔ ሥራ አፈሩን መርገጥ ነበር። «ርገጪ፣ የኔ ጎበዝ» ይለኝ ነበር፤ እኔም እየዘለልኩ ረገጥኩ። «ለጊዜው ነው፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ትጨነቃለች» አለኝ። እኛ ዘንድ ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። እሱ ሰርቪሷን ሲሠራ እኔ ጉዳዩን ረስቼዋለሁ። ወይም ረስቻለሁ እያልኩ ኖሬያለሁ።

የሰርቪሷ በር ላይ ስደርስ ሸማኔው እየሠራ ነበር። አንዱን መርገጫ ሲጫን ከሥሩ ሲጢጥ ይላል፤ ሌላውን ሲጫን እንደገና ሲጢጥ ይላል። ድምፁ ከዕቃው አልነበረም።

«ተነስ፣ ውጣ» አልኩት።

«አራት ክንድ ነው የቀረኝ። የሰው ሠርግ ነው።»

«ውጣ ብያለሁ። ቀስ ብለህ።»

ፊቴን አየና አንድ እግሩን አወጣ፣ ከዚያ ሌላውን። ግቢ ውስጥ የወደቀ ረጅም ፌሮ አንስቼ ሰጠሁትና ደፍ ላይ ቆሞ የቆፈረውን ጉድጓድ ወለል እንዲወጋው ነገርኩት። በመጀመሪያው እንጨት ነካ። በሁለተኛው ብረቱ ከእጁ አምልጦ ጠፋ። ለአፍታ ምንም አልሰማንም። ከዚያ ከታች ውሃ ተንቦጫረቀ።

እናቴ ከኋላችን ቆማ ኖሮ አማተበች።

«ታውቁ ነበር?» አለ ሸማኔው፣ ድምፁን ሳያነሳ።

«መድኃኔዓለምን፣ የተደፈነ ነው የመሰለኝ ልጄ» አለች። እውነቷን ነው።

ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«እኔም አላውቅም ነበር» አልኩ።

ሸማኔው ተንጠራርቶ ሸማውን ከነድሩ ፈትቶ አወጣ፤ መወርወሪያውንም ኪሱ ከተተ። በቃ ሊሄድ ነው ስል፣ ከቤቱ ጀርባ ካጠራቀመው አፈር አንድ አካፋ ዝቆ መጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ጉድጓዴን ልደፍን።»

«የቱን?»

«የኔን ነዋ። ከሰው ቤት ስወጣ ደፍኜ ነው የምወጣው። ሰው ይገባበታል።»

ይህን እያለ አንድ እግሩን ደፉን አሻገረ። ክንዱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ተው፣ አትግባ። አውቅ ነበር። ያን አፈር የረገጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

እግሩን መለሰ። አካፋውን ከነአፈሩ መሬት ላይ አስቀመጠና እግሮቹን ቁልቁል ያይ ጀመር።