አልቀዘቅዝ ያለው የቢራ ፍሪዘሬ

ያለፈው ሐሙስ ከሰዓት... እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አልጋዬ ላይ ተዘርሬ ሳለ፣ በረንዳ ላይ ያለው የፍሪዘሬ ድምፅ ድንገት ቀጥ አለ።

መብራት የሄደ መሰለኝ። እኛ ዲላ እሱ ዜና አይደለም። ግን የጎረቤት ቴሌቪዥን ያወራል... የእኔም አምፖል በርቷል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። አስተማሪ ነኝ። ቀን እዚህ አጠገባችን ጪጩ ከተማ አስተምራለሁ፣ ማታ ዲላ ውስጥ የማታ ተማሪዎች አሉኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው ቤት እየዞርኩ አስጠናለሁ። በተረፈችኝ ሰዓት ደግሞ ቢራ እጠምቃለሁ። አዎ፣ ቢራ... በብቅልና በጌሾ፣ ከኢንተርኔት እያየሁ የለመድኩት። ጭንቀት ያስረሳኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት። አሁን ዋናው ጭንቀቴ እሱ ሆኗል።

ቢራው ቀዝቅዞ በቧንቧ እንዲቀዳልኝ ብዬ ድሮ ጀላቲ ይሸጥበት የነበረ ትልቅ ፍሪዘር ገዛሁ። ክዳኑን በእንጨት ክፈፍ ከፍ አደረግኩና እንጨቱ ላይ የድራፍት ቧንቧ ገጠምኩ። ቢራው በረዶ እንዳይሆን ደግሞ ቴርሞስታት የሚባል ነገር አለው... ውስጡ ሲበርድ ሞተሩን ያጠፋል፣ ሲሞቅ መልሶ ያስነሳል።

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ማታ ሞቼ ስገባ ግን ፍሪዘሩ እያጓራ ይሠራል፣ ከፍቼ ሳየው ውስጡ ለብ ብሏል። ሁለት ጥንስስ ኮምጥጦብኝ ደፍቻለሁ።

ሦስተኛው የትንሿ እህቴ ነው። እዚሁ ዲላ ተምራ ቅዳሜ ልትመረቅ ነበር። «ሌላ ስጦታ አልፈልግም፣ ጓደኞቼን የአንተን ድራፍት ልጋብዛቸው» ብላኛለች። አባታችን በሕይወት የለም፣ ድግሱ የእኔ ነው። ይሄኛውም ከኮመጠጠ በምን ፊቴ እንደማያት አላውቅም ነበር።

ፍሪጅ የሚሠራልኝን ታምራትን ጠራሁት። «ጋዝ ጨርሷል» አለ። ተሞላ። «እንግዲያው ቴርሞስታቱ ነው» አለ። ተቀየረ። «የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ማለት ነው» አለ። ስታብላይዘር ገዛሁ። በመጨረሻ ኮምፕሬሰሩን ዳበስ ዳበስ አድርጎ «ይሄ ነገር ደክሞታል» አለኝ።

«ማን ያልደከመው አለ?» አልኩት።

«እኔ በመጣሁ ቁጥር እኮ ደህና ይሠራል... አንተ ስትወጣ ይሆን እንዴ የሚከፋው?» ብሎ እየሳቀ ሄደ። እኔ ለመሳቅም አቅም አልነበረኝም።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ ቾኩን እንደያዝኩ፣ ቆሜ አሸለብኩ። ልጆቹ አልሳቁብኝም። እስክነቃ ዝም ብለው ጠበቁኝ... እሱ ነው የባሰብኝ፣ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ርዕሰ መምህሩ «በል ሂድና ተኛ» ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ።

እንግዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ጋደም እንዳልኩ ነው ድምፁ ቀጥ ሲል የሰማሁት። በባዶ እግሬ ወጣሁ።

እማማ ማርታ ናቸው፣ አከራዬ። የጸሎት ሰው ናቸው፣ ከእኔ ፍሪዘር በቀር አልኮል በደጃቸው አልፎ አያውቅም። በአንድ እጃቸው ሶኬቱን ነቅለው ይዘዋል፣ በሌላው ክዳኑን መታ መታ ያደርጋሉ።

«እረፊ... ትንሽ እረፊ እናቴ» ይሉታል ፍሪዘሩን።

ደሜ ፈላ። የሁለት ጥንስስ ንዴት አንድ ላይ ወጣ።

«እማማ! ቢራ ስለሆነ ነው አይደል? ኃጢአት ነው ብለው ነው ሲያበላሹብኝ የከረሙት?»

ክው አሉ። ሶኬቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«ኧረ በጌታ! የቢራው ነገር የአንተና የጌታ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ? እሷ አሳዘነችኝ እንጂ... ቀን ታቃስታለች፣ ሌሊት ታቃስታለች። ሰው እንዲህ ቢያቃስት ሐኪም ቤት እንወስደው የለ? አንተ ስትወጣ ነቅዬ አሳርፋታለሁ። ከመምጣትህ በፊት እሰካታለሁ፣ እንዳትቆጣ ብዬ። ዛሬ ከጸሎት የተመለስኩት ገና አሁን ነው፣ ቤት መኖርህን መች አወቅኩ!»

ጋዙ... ቴርሞስታቱ... ስታብላይዘሩ... ሁሉም በዓይኔ ዞረ። ታምራትም የሚመጣው እኔ ስኖር ነው፣ እኔ ስኖር ደግሞ ፍሪዘሩ ተሰክቷል። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ለመቆጣት እንኳን ጉልበት ይጠይቃል።

«እማማ፣ እሷ እኮ ሲበርድላት ራሷ ትጠፋለች። በየመሃሉ ታርፋለች። ሌሊቱን ሙሉ የምታቃስተው ቀን ሲነቅሏት ስለምትሞቅ ነው፣ እንደገና ልታቀዘቅዝ ስትለፋ።»

«በራሷ ታርፋለች? ማንም ሳይነካት?»

«በራሷ።»

ሶኬቱን ቀስ ብለው መልሰው ሰኩት። ፍሪዘሩ ማጓራት ጀመረ። እሳቸው ግን ዞረው እኔን ማየት ያዙ... የቀላውን ዓይኔን፣ ቾክ የጠጣውን እጅጌዬን።

«አንተም እኮ ሌሊት ታቃስታለህ» አሉኝ። «በግድግዳው ይሰማኛል። እሷስ ማጥፊያ አላት... አንተን ማን ያጠፋሃል ልጄ?»

እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደክሞህ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ገብቼ ተኛሁ። የማታ ተማሪዎቼ ደውለው ደውለው ተስፋ ቆረጡ፣ እኔ ዓርብ ጠዋት ነው የነቃሁት።

ቅዳሜ ቢራው ጥርስ እስኪያሳምም ቀዝቅዞ ተቀዳ። እህቴ በጋውኗ ሆና ራሷ ነበረች ከቧንቧው የምትቀዳው። እማማ ማርታ በለስላሳ መረቋት፣ ቢራውን ጭራሽ አላዩትም፣ ፍሪዘሩን ግን አልፈው ሲሄዱ መታ መታ አደረጉት።

ፍሪዘሩ አሁን ደህና ነው። ቴርሞስታት ለሰው የሚገጥም ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ግን... ኮሜንት ላይ ጣል አድርጉልኝ።