መቀነቱን የፈቱት ሴት

አሰላ የገባሁት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ባለቤቴ የመንግሥት ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የፈንጣጣ ክትባት ይከትባል። ሥራው ቤት አያውለውም። በበቅሎ ጎበሳ ይሄዳል፣ ከዚያ ሮቤ ይሻገራል፤ ሲመለስ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ይሆነዋል። እኔ ደሴ ውስጥ እህቶቼና አክስቶቼ በሞሉበት ግቢ ያደግኩ ነኝ። ሰው ብቻውን ሲበላ አይቼ አላውቅም ነበር። አሰላ ላይ ግን ሁለት ሕፃናት ይዤ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀረሁ፤ ምሳዬንም ቆሜ ነበር የምበላው።

ወንዱ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ ሴቷ ገና መዳህ ጀምራለች። ወንዱ የማይነካው ነገር አልነበረም። የግድግዳውን ጭቃ እየፈረፈረ ይበላል። ሽሮውን አመድ ላይ ይደፋል። አንድ ቀን አፍንጫው ውስጥ ሽምብራ ከትቶ፣ በርበሬ አሽትቼ በማስነጠስ ነው ያወጣሁለት። አባቱ ቢኖር በወረንጦ መዝዞ በጨረሰው ነበር። ውረድ ስለው «እምቢ»፣ ብላ ስለው «እምቢ»፣ ና ስለው «እምቢ»። ከዚህች ቃል ሌላ ብዙም አልነበረውም። ከየት ያምጣ? ከጠዋት እስከ ማታ ከእኔ አፍ የሚሰማው «ተው»፣ «አትንካ»፣ «ትወድቃለህ» ብቻ ነው። ሌላ ነገር የማወራው ሰው አልነበረኝም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ባሰ። የጭላሎ ተራራ ጉም ውስጥ ይገባና ለሳምንታት አይታይም። የልጅቷ የሽንት ጨርቅ አልደርቅ እያለ ከምድጃው በላይ ገመድ ወጥሬ እሰቅለው ነበር፤ ቤቱ ጭስና ሽንት ይሸታል። የሰፈሩ ሴቶች ክፉ አልነበሩም። «እንደምን ዋልሽ» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ ያልፋሉ። ማኅበራቸው እኔ ከመምጣቴ በፊት የቆመ ነው። ግቢ አላሉኝም፤ እኔም አስገቡኝ ለማለት አፈርኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ውኃ መቅዳት ነበር። ምንጩ ያለው ከቁልቁለቱ በታች ነው። ልጅቷን አዝዬ፣ በእጄ የላምባ ቆርቆሮ ይዤ ስወርድ ወንዱን የምይዝበት እጅ አይተርፈኝም። መንገዱ ድጥ ነው፤ ሁለት ቀን ይዤው ወርጄ ሁለቱንም ቀን ወደቅን። ስለዚህ መቀነቴን ፈትቼ ወገቡን አስርና ጫፉን ከአልጋው እግር ጋር እቋጥረው ጀመር። እያለቀሰ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ድምፁ እስከ ቁልቁለቱ አጋማሽ ይከተለኝና ይጠፋል። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም።

ወተት የምታመጣልኝ አንዲት የአርሲ ሴት ነበረች። ቤቷ ከገብሱ ማሳ ማዶ ነው፤ ዕድሜዋ ከእናቴ አያንስም። ጮጮዋን ከጀርባዋ አውርዳ ወተቱን ትገለብጥልኝና ትሄዳለች። እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ እሷም ከጥቂት ቃል በቀር አማርኛ አታውቅም። እናቴን የምታህለውን ሴት «አንቺ» ነበር የምላት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምንጩ ጋ ስደርስ በረዶ ጣለ። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነው። ልጅቷን ወደ ደረቴ አዙሬ በነጠላዬ ሸፈንኳትና ከአንድ ዛፍ ሥር ተሸጎጥኩ። አባራ ስል ዝናቡ ተተካ። የታሰረው ልጅ በዓይኔ ላይ እየመጣ መቆም አቃተኝ። ቆርቆሮውን እዚያው ጥዬ በጭቃው ዳገቱን ወጣሁ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መቀነቱ መሬት ላይ ወድቋል። ልጁ የለም።

ከአልጋው ሥር፣ ከጓሮ፣ ጎርፍ ከሞላው ቦይ ውስጥ ፈለግኩ። ጉሙ ወርዶ አሥር እርምጃ ወዲያ አይታይም። በስሙ እየጠራሁ ስጮኽ የጎረቤት ሴቶች ወጡ። አንዷ፣ የጨው ነጋዴው ሚስት፣ ደጃፌ ላይ ቆማ፣

«ይሄ የወተቷ ሴት ጮጮ አይደለም እንዴ?» አለች።

እውነትም ከደጁ ምሰሶ ሥር ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ በላዩ ዘልዬ አላየሁትም ነበር።

ማሳውን አቋርጬ ቤቷ ደረስኩ። ልጄ እሳት ዳር ቆዳ ላይ ተቀምጦ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ይበላል። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ምግቡ ተመለሰ። አልተነሳም። ሴትየዋ ግን ብድግ አለች። የልጁን ልብስ ገልጣ ወገቡ ላይ መቀነቱ የጫረውን ቀይ መስመር አሳየችኝ።

«ልጅ ነው! ጥጃ ነው? ለምን አሰርሽ?»

ብዙ ነገር መመለስ እችል ነበር። ስለ ድጡ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ባለቤቴ መንገደኝነት። ከአፌ የወጣው ግን «ሰው የለኝም» የሚል ብቻ ነው። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ማቆም አልቻልኩም። ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም። ልጅቷን ከእቅፌ ወሰደች፣ እርጥብ ጨርቋን ፈታች፣ ሳትመለከተኝ፣

«እኔ አለ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ «እርስዎ» አልኳቸው።

ውኃ ስወርድ ልጁን እሳቸው ዘንድ አደርስ ጀመር። በመጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ነበር፤ በኋላ ግማሽ ቀን ሆነ። ልጁም ድንገት አፉ ተፈታ፤ ግን በኦሮምኛ ነው። ወተት ሲፈልግ «አናን» ይላል። እህቱን «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለ ይጠራል፤ ነይ ማለቱ ነው። እሳቸውን «አዮ» አላቸው። የጨው ነጋዴው ሚስት ትርጉሙን ስትነግረኝ ሳቀች። እናቴ ማለት ነው።

እኔ አልሳቅኩም። ለእኔ የሚናገረው ያንኑ «እምቢ» ነው፤ ለእሳቸው ግን ተረት የሚያህል ያወራል። ቅናት ያዘኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ምክንያት እየፈጠርኩ አስቀረሁት። ቀኑን ሙሉ በሩን እየደበደበ ያለቅሳል፤ እህቱ እሱን አይታ ታለቅሳለች፤ እኔም መሐላቸው ተቀምጬ የማደርገው ይጠፋኛል።

በስምንተኛው ቀን ወተት ይዘው መጡና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ሮጦ ጉልበታቸው ላይ ወጣ። ፀጉሩን እየዳበሱ ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁት።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«እማ አኮረፈች? አሉ።»

ሙሉ አማርኛ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

«አላኮረፈችም በላቸው። ይግቡ በላቸው።»

ነገራቸው። ገቡ። እንዲያ ሆነ የሁለታችን ወሬ፤ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከወዲያ ወዲህ እያመላለሰው፣ ግማሹን እየረሳ፣ ሲሰለቸውም ጥሎን እየሄደ። ሁለት ልጅ በኩፍኝ ቀብረው እንደነበር ያወቅኩት በእሱ አፍ ነው፤ «ልጆች ሞቱ አሉ» ብሎኝ ጩኮውን መብላት ቀጠለ። እየዋለ እያደረ እኔም ቃል ለቀምኩ። ለሁለት ዓመት ያህል ቀኖቼ ሰው ያለባቸው ቀናት ሆኑልኝ።

ከዚያ ባለቤቴ ወደ አቦምሳ ተዛወረ። በተነሳንበት ጠዋት ጭነት መኪናው አጠገብ መጥተው ልጆቹን አንድ በአንድ ግንባራቸውን ሳሙ፤ እኔን እስክሳፈር ድረስ እጄን አልለቀቁኝም። መኪናው ሲነሳ ልጁ «አዮ!» እያለ ጮኸ። ያን ጊዜ ቅናት አልተሰማኝም። እኔም አብሬው ብጮኽ ደስ ባለኝ።

አቦምሳ ቆላ ነው፤ ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል። ባለቤቴ አሁንም መንገደኛ ነበር። አንድ ጊዜ ከአሰላ የመጣ እህል ነጋዴ አግኝቼ ስለ እሳቸው ጠየቅኩት። አላውቃቸውም አለኝ። ልጁ ለሁለት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት «አዮ የታለች?» ሲል ቆየና እየተወው መጣ። በኋላማ ከሰፈሩ የነጋዴ ልጆች ጋር እየዋለ አማርኛ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ኩባያውን ዘርግቶ «ወተት» አለ። አባቱ ደርሶልን ነበርና «አየሽ፣ ቋንቋውን ያዘ» ብሎ ደስ አለው። እኔ ቀዳሁለት። ያንን ሌላ ቃል፣ «አናን»ን፣ የሚያስታውስ ሰው ከእኔ በቀር በዚያ ቤት ውስጥ እንደሌለ ገባኝ፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሜ ቆየሁ።