ልሙጡ ጎማ

ባለቤቴ ዛሬ አስፋልት ወጣ! እንዴት ዋላችሁ፣ ወገኖቼ?

ሞጣ መንገድ ላይ ጎማው ጥርሱ ያለቀ ሚኒባስ ተገልብጦ የሞተውን ታናሽ ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ፣ ቤት ዘግቶ ነበር የሚውለው።

ልጃችን ከአዲስ አበባ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና ከሁለት ዓይነት ጎማ ጋር ላከችለት። በስልክ «ለደረቅ አስፋልት ልሙጡ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ መሬት ስለሚነካ ይይዛል» ብትለው፣ «ልሙጥ ጎማ ሰው ይበላል» ብሎ ጥርስ ያለውን ገጠመ።

መኪናዋ ኩርባው ላይ ተንሸራታ ቦይ ገባች። ሦስቴ!

አንዱ ባለባጃጅ «ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድዎ ይታይ!» አለው። አፉን በቆረጠው።

ባለቤቴ መኪናዋን ከቦዩ አወጣና «እስቲ ልሙጡን አምጪው» አለኝ። በገዛ እጁ ገጠመው።

ኩርባውን ዞረች።

«ወንድሜ ይህን ባየ» ብሎ አለቀሰ። እኔም።

የእናንተን ሐዘንተኛ ከቤት ያወጣው ምንድን ነው? ጻፉልኝ። ቢቸና ያላችሁ ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ቤት፤ የሚቀር እንዳይኖር!