የእድር ወንበር ይዘን የገባን ዕለት

ዛሬ ለእማማ አስካለ በቁማቸው ተለቀሰላቸው። ጥፋቱ የኛ ነው።

እዚህ ሐረር በጠና የታመሙ ሰዎችን ሞት ሳይቀድመን እየሄድን የምናጫውት ቡድን ካቋቋምን ገና ሳምንት አልሞላንም። ፈላና በር ሰፈር፣ አልጋ የያዙት እማማ አስካለ ቤት በቂ መቀመጫ ስለሌለ የእድሩን ወንበሮች ተውሰን በባጃጅ ወሰድን። (ብልጠታችን!)

ወንበሮቹ ሲገቡ ያየ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ግቢውን ሞላው።

እማማ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ «ማን ሞተ?» አሉ።

በሐፍረት ወንበሮቹን ማንሳት ስንጀምር፣ «ተዉ፣ ይቀመጡ» አሉን። «ስሞትማ ማን እንደመጣ አላይ።»

እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ወይስ ነገም ወንበር ልጫን?

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ሰፈርስ ሰው የሚሰበሰበው ወንበሩ ሲመጣ ነው?