አጭበርባሪ ብቻ ያለፈበት በር

ባለፍራሿ የሚለው ስም የወጣላት ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ነው። ክራባት ያሰረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ማለትም ተማሪ ነኝ ያለ ሰው፣ «ለሥራ ልምምድ ወደ ሌላ ከተማ መሄዴ ስለሆነ ክፍሌን ላስተላልፍልሽ» አላት። ክፍሉን አየች፤ ወደደች፤ ከፈለች። ሰውየው ቁልፉን ሲሰጣት አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «አደራ፣ አበባዬን ውሃ አጠጭልኝ» ብሏት ነበር። በማግስቱ ፍራሿን ተሸክማ ስትደርስ ደረጃው ላይ ሌሎች አራት ፍራሾች ከነባለቤቶቻቸው ተደርድረዋል። አምስቱም ቁልፍ ይዘዋል፤ ከአምስቱ አንዱም በሩን አይከፍትም። አበባ የማጠጣቱ አደራ ግን ለአምስቱም እኩል ተከፋፍሏል።

እዚያው ደረጃ ላይ የተበዳዮች ጉባኤ ተካሄደ። ንግግር ተደረገ፣ የአቋም መግለጫ ወጣ፣ አከራይ በሙሉ በጅምላ ተወገዘ። መቼም የአቋም መግለጫ ጣራ ሆኖ አያውቅምና ጉባኤተኛው ፍራሹን እየጠቀለለ ተበተነ። ከዚያ ታሪካዊ ስብሰባ የተረፈው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የልጅቷ ቅጽል ስም፣ ሌላው እግሩ ከፍራሹ አልፎ ሁለት ደረጃ ይወርድ የነበረ አንድ የኮምፒውተር ተማሪ። እሱንም ረጅሙ አሉት፤ ሌላ ምን ሊሉት!

«ለዚህ ነገር መላ ሳላበጅለት ብቀር ከሰው አትቁጠረኝ» አለችው ባለፍራሿ ያን ዕለት።

«ታዲያ ስታበጂ እኔን አስቀድሚኝ።»

«ላንተማ ረዘም ያለ ክፍል መፈለግ አለብኝ።»

ሦስተኛ ዓመት ላይ መላው ተበጀ። እሷ ዲዛይኑን ሠራች፣ ረጅሙ ኮዱን ጻፈ፣ ስሙም «ተረካቢ» ተባለ። ለእረፍት ወይም ለልምምድ የሚሄድ ተማሪ ክፍሉን ለጥቂት ወራት ለሌላ ተማሪ የሚያስረክብበት የስልክ መተግበሪያ ነው፤ ማንም ማንንም ሳያታልል።

የዲዛይን መምህራቸው ግድግዳውን በቢጫና በሮዝ ወረቀት አልብሶ፣ «ተጠቃሚውን አስቡ! ተጠቃሚውን በሕልማችሁ እዩት!» እያለ ያስተምራል። ባለፍራሿ ግን በሕልሟ የምታየው ተጠቃሚውን ሳይሆን ባለክራባቱን ነበር። ስለዚህ መተግበሪያው ከጥንስሱ የተሠራው ለእሱ ነው ማለት ይቻላል። አንዲት ተማሪ በሐሰት ስም ተታለለች ሲባል መታወቂያ ይጠየቅ ተባለ። መታወቂያ ይሰረቃል ሲባል፣ ፊትም ይታይ። ፊት ብቻውን ምን ይናገራል ሲባል፣ ዋስ ይጥራ። ዋሱስ ማን ነው ሲባል፣ የዋሱ ዋስ።

«የዋሱ ዋስ ደግሞ ዋስ አያስፈልገውም?» አለ ረጅሙ፣ ጣቶቹ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ እየተንጫጩ።

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። አንዴ ከጀመርን አይቀር አዳምና ሔዋን ድረስ እንውጣ ብዬ ነው።»

በመጨረሻ የበሮች ሁሉ በር ተተከለ፤ ተረካቢው ከዚህ በፊት ቤት ያከራየው ሰው ስለ ጸባዩ መልካምነት በጽሑፍ ይመስክርለት ተባለ። በዚህኛው በር ባለፍራሿ ደረቷን ነፋች። መምህሩም ሥራውን ሲያይ «ድንቅ! ጥብቅ! የማይደፈር!» ብሎ አጨበጨበ። እንግዲህ ይህ ስለ ቤት ሳይሆን ስለ ምሽግ የሚነገር ቃል መሆኑን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ የራሷ ክፍል ነበር። ይህም ለናሙና አይደለም፤ ጭንቅ ይዟት ነው። በሌላ ከተማ ያለ አንድ ድርጅት ለሦስት ወር ልምምድ ተቀብሏታል፤ ሰኞ ትጀምራለች። የሁለት ቦታ ኪራይ ከአቅሟ በላይ ነው። ያከራዩዋት እማማ ደግሞ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው ስለተቀበሉ ሰውን ሁሉ ትናንት እንደተወለደ ይቆጥሩታል። ሕጋቸው አጭር ነው፦ «ክፍሌ ባዶውን አያድርም፤ የማላውቀውም አያድርበትም። እስከ ቅዳሜ ሰው አምጪ። ካላመጣሽ ወይ አትሄጂም፣ ወይ ዕቃሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው።» ያቺን ክፍል ለማግኘት ባለፍራሿ ምን ያህል ደረጃ እንደወጣችና እንደወረደች ጉልበቷ ያውቃል። ልምምዱም ቢሆን ሁለተኛ የሚመጣ ዕድል አይደለም።

ቀናት አለፉ። ወደ ክፍሉ ብቅ ያለ ሰው የለም። ረጅሙ ግን ፊቱ በርቷል።

«እስካሁን አንድም ማጭበርበር አልተመዘገበም!» አላት ሐሙስ ጠዋት፣ የድል ዜና እንደሚያነብ ሰው።

«ተከራይስ ተመዝግቧል?»

«ተከራይማ... እሱም አልተመዘገበም።»

«እስቲ አንተ ራስህ ተመዝገብ።»

ተመዘገበ። ማሽኑ የመታወቂያውን ፎቶ አየ፣ ፊቱን አየ፣ ከዚያ «እርስዎ እርስዎ አይደሉም» አለው። መታወቂያውን ካወጣ በኋላ ጺም አብቅሏል። ረጅሙ በገዛ እጁ በጻፈው ኮድ መሰደቡ ከነከነው።

«ቆይ እኔ ልሞክረው» ብላ ባለፍራሿ ስልኩን ነጠቀችው። መታወቂያውን አለፈች፣ ፊቷም ፊቷ ሆኖ ተገኘ፣ ዋሷ ዋስ ጠራላት። ከዚያ ያ የኮራችበት በር ላይ ደረሰች፦ ቀድሞ ያከራየሽ ሰው ይመስክርልሽ። እጇ ስልኩ ላይ ቀረ። ከእማማ በፊት ያከራያት ማን ነው? ያ ባለክራባት! መታለሏን ለማስቀረት ያቆመችው በር የሚጠይቃት ያታለላትን ሰው ምስክርነት ነው። ቤት ተከራይቶ የማያውቅ አዲስ ተማሪ፣ ከክፉ አከራይ ያመለጠ ተማሪ፣ የተዘረፈ ተማሪ፣ ሁሉም ውጭ ቀርቷል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ በር ማን ሊያልፈው ነው?» አለች።

ስልኩ ልክ እንደሰማት ሁሉ ጢን አለ። አንድ ሰው አልፏል። መታወቂያው እንከን የለውም፤ ፊቱ ልክ ነው፤ ዋሱም የዋሱም ዋስ በደቂቃ መልሰዋል፤ የቀድሞ አከራዩ ምስክርነት ደግሞ ማኅተም አለው፤ ማኅተሙም ከእውነተኛ ማኅተም ይበልጥ ክብ ነው። ፎቶውን ከፈተችው። ክራባት።

በሮቹን ሁሉ ላለፈ ሰው አድራሻው ወዲያው እንዲላክለት ያዘዘችውም ራሷ ናት። ከግቢው እስከ እማማ ቤት እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ ደረጃውን እየዘለለች ወጥታ ስትገባ ሰውየው በታክሲ ቀድሟት ምርጡ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ነይ፣ ነይ!» አሉ እማማ በደስታ። «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ የት አገኘሽው? ልቀመጥ ስል ወንበሩን ራሱ አቀረበልኝ!»

«እማማ፣ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል ለአምስት ያከራየን እሱ ነው።»

ሰውየው ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም። ያታለለውን ሰው ፊት ሁሉ ማስታወስ ቢጀምር ለሌላ ሥራ ጊዜ አይኖረውም ነበር። «እህቴ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተመሳስዬብሽ ነው» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል።»

«ብዙ ሰው ስላታለልክ ነዋ!»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» እማማ ተቆጡ። «ወረቀቱን ሁሉ አይቻለሁ፤ የተሟላ ነው። ደግሞ ያንቺው አፕ አይደል እንዴ ያሳለፈው?»

ሰውየው ስልኩን በትሕትና አዞረላቸው። ባለፍራሿ ለሳምንት የደከመችበት አረንጓዴ ምልክት፣ ያ የታማኝነት ማረጋገጫ፣ በስሙ አጠገብ ፏ ብሏል። የገዛ እጇ ሥራ መሰከረባት።

«በቃ፣ ዛሬውኑ ግባ» አሉ እማማ።

«ዛሬ እንኳን ይከብደኛል፣ የኔ እናት። ለጊዜው ቁልፉን ብቻ ቢሰጡኝ።»

«ካልገባህ ቁልፉን ምን ታደርግበታለህ? ልጄ፣ እኔ በጠዋት ነው የምነሳው፤ ቁርስ አብረን እንበላለን። ደም ግፊቴን ትለካልኛለህ። ማታ ዜና እያየን ትተነትንልኛለህ፤ ፊትህ አዋቂ ይመስላል።»

ሰውየው ሻዩን ፉት አለ፤ ትን አለው። «እኔ እንኳን ብዙም አላድርም...»

«የት ልታድር ነው ታዲያ? ክፍሉ ብቻውን ሊኖር ነው?»

«ማለቴ፣ የአጎቴ ልጅ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል።»

«ይምጣ! እሱንም ልየው። እንዳንተ ከሆነማ እሰየው ነው።»

«ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚመጣው...»

«ጓደኞቹ ደግሞ ስንት ናቸው?»

ሰውየው ክራባቱን ላላ አደረገ።

«አምስት» አለች ባለፍራሿ።

እማማ ሰውየውን አተኩረው አዩት። ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ላብ ሲያዩ የኖሩ ናቸውና፣ «አንተ ልጅ፣ ምጥ ያዘህ እንዴ?» አሉት። ከዚህ በኋላ ባለክራባቱ አስቸኳይ ቀጠሮ ትዝ አለው፤ ሻዩን ሳይጨርስ፣ «የኔ እናት» ማለትንም ረስቶ፣ እግሬ አውጪኝ አለ። ባለፍራሿ ፎቶውንና ወረቀቶቹን ለዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ለመላክ ስልኳን ስትከፍት እማማ ባዶ በቀረው ወንበር ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ።

«ግን እኮ ወንበር አቀረበልኝ» አሉ በቅሬታ።

ከሰዓት በኋላ ባለፍራሿ ረጅሙን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ያዘችው። «አፍርሰው።»

«ምኑን?»

«በሮቹን። መታወቂያውን ብቻ ተወው። ከዚያ በኋላ ለቃቂውም፣ ገቢውም፣ ባለቤቷም ክፍሉ ውስጥ አብረው ይቀመጡ። ቁልፍ የምትሰጠው ባለቤቷ ናት። ክፍያውም እኛ ጋ ይቆያል፤ ገቢው የመጀመሪያዋን ሌሊት እስኪያድር ለማንም አይተላለፍም።»

ረጅሙ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «ይሄማ አፕ አይደለም፣ የእጮኛ ትውውቅ ነው።»

«ይሁን! ማሽኑ ያባረራቸውን ሰዎችስ ምን አድርገሃቸዋል?»

«አሉ። አጠራጣሪዎች ብሎ ለብቻ አጉሯቸዋል።»

አንድ በአንድ ደወለችላቸው፤ ይቅርታ ጠየቀች። አንዱ ዘጋባት፣ ሌላው ቀድሞ ቤት አግኝቷል፣ አንዲት የነርስ ተማሪ ግን፣ «አጠራጣሪ የተባልኩት ቤት ተከራይቼ ስለማላውቅ ነው?» አለችና ሳቀች። ቅዳሜ ጠዋት አክስቷን አስከትላ መጣች። አስከትላ ይባል እንጂ ከፊት የገቡት አክስትየዋ ናቸው።

«በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ሌላ ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው? ወንድ ልጅ አለዎት?»

እማማ ወንበራቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። «እኔ ልጠይቅ ነው የተቀመጥኩት ወይስ ልጠየቅ?»

«ሁለታችንም፣ እህቴ። ልጅ እኮ ነው የማስረክብዎት!»

ባለፍራሿ ማስታወቂያዋ ላይ ክፍሉን ከጥግ ፎቶ አንስታ አዳራሽ አስመስላው ነበር። አሁን ግን ሦስቱም ሴቶች ዓይናቸውን ሲያዞሩ አላስቻላትም፤ ዝናብ ሲዘንብ የመስኮቱ ሥር እንደሚረጥብ፣ መሳቢያውም ካልተረገጠ እንደማይከፈት ተናገረች። አክስትየዋ መሳቢያውን በእግራቸው ሞከሩት፤ ተከፈተ፤ በኩራት ፈገግ አሉ። እማማ አሁንም በልባቸው ያ ጨዋ ልጅ አለ፤ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ደም ግፊት መለካት ትችያለሽ?»

«ገና እየተማርኩ ነው።»

«በይ እንግዲያው፣ በእኔ ትለማመጃለሽ» አሉና ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖሩላት።

እሑድ ሻንጣዋን እየጎተተች አውቶቡስ ተራው ጋ ልትደርስ ስትል ቻርጀሯን መርሳቷ ትዝ አላት። እየሮጠች ተመለሰችና የገዛ ክፍሏን በር አንኳኳች።

«ማነው?» አለች የነርስ ተማሪዋ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ክፍሉን ያስረከብኩሽ! ቻርጀሬን ረስቼ ነው።»

«እንደዚያ የሚል ብዙ ነው። እማማ ሳይኖሩ አልከፍትም።»

ከታች የእማማ ድምፅ ተሰማ። «ለማንም እንዳትከፍቺ!»

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አንቺንማ አወቅሁሽ። ልጅቷ ግን ልክ ናት፤ ውረጂና ከመስኮቱ ሥር ቁሚ!»

ወርዳ ቆመች። ቻርጀሩ በጫማ ክር ታስሮ እየተወዛወዘ ወረደላት። ሮጣ ስትደርስ አውቶቡሱን ሞተር አስነስቶ አገኘችው፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ዘፍ እንዳለች ረጅሙ ደወለ።

«እሺ፣ አዲሱ ዲዛይን ሠራ?»

«እንዴት አይሠራ!» አለች ላብ በላብ ሆና፣ ሳቋ እያፈናት። «እኔን ራሴን አላስገባም!»